ለጆርናል ጽሑፍ ስትልኩ፦ ገምጋሚው ከማያየው ጀምሩ

ብዙ ሰው የአቻ ግምገማን እንደ ፍተሻ ኬላ ነው የሚያስበው። ጽሑፉ ይገባል፣ ሁለት ሦስት ሊቃውንት ያገላብጡታል፣ ውሸት ካለበት ይያዛል፣ ከሌለበት ያልፋል። እንደዚያ አይደለም። ገምጋሚው ቤተ ሙከራችሁን አላየም። መጠይቁን የሞሉትን ሰዎች አላናገረም። ብዙውን ጊዜ ጥሬ ዳታውን እንኳ አልከፈተውም። በእጁ ያለው የጻፋችሁት ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያነበው ከራሱ ሥራ ሰዓት ቆርሶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ፣ ምናልባትም ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ገና ከመነሻው ያመናችሁ ሰው ነው ማለት ነው።

እምነቱ ሲሰበር ምን እንደሚመስል ለማየት ያን ሄንድሪክ ሾንን ማስታወስ ይበቃል። ቤል ላብስ በሚባል የአሜሪካ የምርምር ተቋም የሚሠራ የፊዚክስ ተመራማሪ ነበር። አንቱ የተባሉ ጆርናሎች ላይ ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ ሲደራርብ ገምጋሚዎቹ አሳለፉት። ነገሩ የተነቃው ከታተመ በኋላ ነው፤ የተለያዩ ሙከራዎች ውጤት የተባሉ ግራፎች፣ መስመሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን መንቀጥቀጦች ሳይቀሩ፣ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ሌሎች ተመራማሪዎች ልብ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አጣሪ ኮሚቴ ጥሬ ዳታውን አምጣ ሲለው፣ የለም። የኮምፒውተሩ ማከማቻ ስለጠበበኝ አጠፋሁት አለ። የሙከራ መዝገብም በወጉ አልያዘም።

ስለዚህ ገምጋሚው የማያየውን ክፍል የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። እንዴት እንደሆነ እንይ።

መጻፍ ሳትጀምሩ

ጥሬ ዳታውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱን ጨርሶ አትንኩት። የምትሠሩት በቅጂው ላይ ይሁን። የትኛውን ረድፍ ለምን እንዳወጣችሁ፣ መቼ እንዳወጣችሁ በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ በቀኑ መዝግቡ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ገምጋሚው «ለምን 214 ሰው ሆነ? መጀመሪያ 230 አላላችሁም ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ የምታመሰግኑት ያንን ፋይል ነው።

ጥናቱ ሰው ወይም እንስሳ ላይ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የሚወጣው ዳታ ከመሰብሰቡ በፊት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጽሑፉ አልቆ፣ የመላኪያው ገጽ ላይ «የፈቃድ ቁጥር» የሚል ሳጥን ሲመጣ ነው የሚደነግጠው። ኮሚቴዎች እንደ ደንቡ ለተጠናቀቀ ሥራ ወደ ኋላ ተመልሰው ፈቃድ አይሰጡም፤ ስለዚህ የአንድ ሳምንት ስንፍና የሁለት ዓመት ሥራ ሊያስቀር ይችላል። ጥናታችሁ ፈቃድ የሚያስፈልገው አይመስላችሁም? እሱንም በራሳችሁ አትወስኑ። ኮሚቴውን ጠይቁና «አያስፈልግም» የሚለውን ወረቀት ያዙ።

ስም የማስገባት ጣጣ

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያጣላው ይሄ ነው። የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያወጣው መስፈርት አራት ነጥብ አለው፤ ከሕክምና ውጭ ያሉ ብዙ ጆርናሎችም ይጠቀሙበታል። ጸሐፊ የሚባለው ሰው በጥናቱ ሐሳብና ንድፍ፣ ወይም ዳታውን በመሰብሰብ፣ በመተንተን ወይም በመተርጎም ረገድ ቁም ነገር ያለው ድርሻ ያለው፣ ጽሑፉን የጻፈ ወይም በጥልቀት ያረመ፣ የመጨረሻውን ቅጂ አይቶ ያጸደቀ፣ ጥያቄ ሲነሳም ለሥራው ተጠያቂ ለመሆን የተስማማ ነው። አራቱም መሟላት አለባቸው፤ አንዱ ብቻ አይበቃም። ገንዘብ ያመጣ፣ ቢሮ የሰጠ፣ ቋንቋውን ያስተካከለ ሰው ምስጋናው ክፍል ላይ ይገባል። ምስጋና ደግሞ ስድብ አይደለም።

መስፈርቱን መሸምደድ ቀላል ነው። ከባዱ አለቃዬን ምን ልበለው የሚለው ነው። እኔ የሠራልኝ ዘዴ አለ። ስምዎን አላስገባም ብሎ ፊት ለፊት ከመጋፈጥ፣ ረቂቁን ልካችሁ ሥራ ስጧቸው፦ «ረቂቁን ልኬልዎታለሁ። በተለይ የውይይቱ ክፍል ላይ አስተያየትዎን እስከ አርብ ቢሰጡኝ፤ ጆርናሉ እያንዳንዱ ጸሐፊ የሠራውን በዝርዝር እንድንሞላ ስለሚጠይቅ የእርስዎንም ድርሻ በዚያው ቢጽፉልኝ።» ከዚያ ሁለት ነገር ነው የሚሆነው። ወይ ቁጭ ብለው በእውነት ያነቡታል፣ ጽሑፉም ይሻሻላል። ወይ ደግሞ የሚጽፉት ሲያጡ «ምስጋናው ላይ ይበቃኛል» ይላሉ። ሁልጊዜ ይሠራል አልልም፤ ስሜን ካላስገባህ አትመረቅም የሚል ሰው ፊት ዘዴም አይሠራም፤ ያኔ ቢያንስ የጽሑፍ ማስረጃ ይኑራችሁ፣ የተቋሙን የምርምር ሥነ ምግባር ክፍልም አማክሩ። የድርሻ ዝርዝሩ ግን የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ክሬዲት የሚባል 14 የሥራ ድርሻዎችን የሚዘረዝር ሥርዓት አለ፣ ብዙ አሳታሚዎችም ይጠይቁታል።

የስም ቅደም ተከተሉን ሥራው ሲጀመር ተነጋገሩበት፤ በኢሜይልም ጻፉት። «ኋላ እንስማማለን» ያሉ ወዳጆች ኋላ ሰላምታ ሲያቆሙ አይቻለሁ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። በ1975 ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ በተባለው የፊዚክስ ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ኤፍ.ዲ.ሲ. ዊላርድ የሚባል ሁለተኛ ጸሐፊ ነበረው። ዊላርድ ድመት ነው። ጃክ ሄዘሪንግተን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ጽሑፉን ሙሉውን «እኛ» እያለ ጽፎ ጨረሰና፣ ብቻውን የጻፈ ሰው እንዲያ ማለቱን ጆርናሉ እንደማይቀበለው ሲነገረው፣ በታይፕ የተመታውን ሁሉ እንደገና ከመምታት ድመቱን ማስገባት ቀለለው። የያኔው ቀልድ ነበር። ዛሬ ቢሆን አራተኛው መስፈርት ላይ ይወድቃል፤ ድመት አይጠየቅም። በዚሁ ምክንያት ቻትጂፒቲና መሰሎቹም ጸሐፊ ሆነው አይመዘገቡም። ከተጠቀማችሁባቸው ለምን እንደተጠቀማችሁ ግለጹ፤ ለስህተቱ የምትጠየቁት ግን እናንተ ናችሁ። በተለይ ማጣቀሻዎቹን አንድ በአንድ ከፍታችሁ እዩ፤ የሌለ ጽሑፍ ፈጥረው ይሰጧችኋል።

የት ልላከው?

ኢሜይላችሁ ውስጥ «የተከበሩ ታላቅ ተመራማሪ ሆይ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ይኖራል። ግምገማ በሦስት ቀን፣ ሕትመት በሳምንት ይላል። እባካችሁ እለፉት። በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ማንም ብቁ ገምጋሚ ሊስተው የማይገባ ግድፈት ያለበት የውሸት ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለ304 ክፍት (ማንም በነጻ ሊያነባቸው የሚችል) ጆርናሎች ልኮ ነበር። ከግማሽ በላይ ተቀበሉት። አስከፍለው አንብበነዋል የሚሉና ጨርሶ የማያነቡ ጆርናሎች አሉ ማለት ነው፤ አዳኝ ጆርናል የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ማስከፈል ብቻውን ግን ሌብነት አይደለም። ስመ ጥር ክፍት ጆርናሎችም ያስከፍላሉ። ልዩነቱ፣ ደህናው ክፍያውን ከመላካችሁ በፊት በግልጽ ያሳያችኋል፤ አዳኙ ጽሑፋችሁን ከተቀበለ በኋላ የክፍያ መጠየቂያ ይልክላችኋል፣ ጽሑፌን መልሱልኝ ስትሉም ለማስመለሻ ክፈሉ ይላል። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጆርናሉ ላይ በቅርብ የወጡ ሦስት ጽሑፎችን አነባለሁ፤ የሚያሳፍሩ ከሆኑ እዚያው አበቃ። ቀጥሎ ከአርታኢዎቹ ቦርድ ሁለቱን መርጬ በሚሠሩበት ዩኒቨርሲቲ ገጻቸው ላይ ስለ ጆርናሉ ጠቅሰው እንደሆነ አያለሁ፤ ስማቸው ሳያውቁት የተለጠፈባቸው ሰዎች አሉና። ክፍት ጆርናል ከሆነ ዶአጅ በሚባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ውስጥ መኖሩን፣ አይ ኤስ ኤስ ኤን የሚባለው የጆርናል መለያ ቁጥሩም በኦፊሴላዊው መፈለጊያ ላይ በዚያው ስም መመዝገቡን አረጋግጣለሁ። የእውነተኛ ጆርናል ስምና ቁጥር ሰርቀው ተመሳሳይ ድረ ገጽ የሚከፍቱም ስላሉ፣ ሊንኩን ከኢሜይል ሳይሆን ከማውጫው ነው የምከፍተው። ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው።

በአንድ ጊዜ ለአንድ ጆርናል ብቻ። «ሦስት ቦታ ልኬ የፈጠነውን እይዛለሁ» የሚለው ስሌት በሦስቱም ቦታ ጥፋት ነው። እናንተ ሳታውቁት ስድስት ሰው በነጻ እየሠራላችሁ ነው፤ ሲታወቅም (መስኩ ጠባብ ስለሆነ አንዱ ገምጋሚ ከሁለት ጆርናል ሊደርሰው ይችላል) ሁሉም ይዘጋባችኋል።

የጽሑፍ ስርቆት፣ የራስንም ጨምሮ

«ስንት ፐርሰንት ይፈቀዳል?» የሚለው ጥያቄ መጥፎ ጥያቄ ነው። የመመሳሰል መለኪያ ሶፍትዌር የሚነግራችሁ ቃላት መመሳሰላቸውን እንጂ ስርቆት መኖሩን አይደለም። የዘዴ ክፍልና ማጣቀሻ 20 በመቶ አድርሰውት ምንም ላይሆን ይችላል፤ በሌላ በኩል 4 በመቶ ብቻ ሆኖ፣ ያ 4 በመቶ የሌላ ሰው ሙሉ አንቀጽ ከሆነ ስርቆት ነው። ሪፖርቱን ከፍታችሁ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሆነ እዩ። የራሳችሁን የቆየ ጽሑፍም ሳትጠቅሱ ገልብጣችሁ ማምጣት አይቻልም። አንዱን ጥናት አምስት ቦታ ቆራርሶ አምስት ጽሑፍ ማውጣትም እንደዚያው ነው፤ አንባቢው አምስት የተለያየ ማስረጃ ያለ ይመስለዋል።

ምስል ላይ ደግሞ አትቀልዱ። ኤሊዛቤት ቢክና ባልደረቦቿ 20,621 የባዮሜዲካል ጽሑፎችን በዓይን ፈትሸው በ2016 ባወጡት ጥናት 3.8 በመቶው ችግር ያለበት የተደጋገመ ምስል ተገኝቶበታል። የተወሰነው የፋይል ስም መምታታት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምስሎቻችሁን «ምስል1_የመጨረሻ_የመጨረሻ» ብላችሁ አትሰይሙ፤ ቀኑንና ናሙናውን ጻፉበት። ብርሃን ብትጨምሩ በሙሉው ምስል ላይ ይሁን፤ አንድ ጥግ ብቻ አታጽዱ።

ስትልኩ

የጥቅም ግጭት የሚለውን ሳጥን «የለም» ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗል። ገንዘብ ማን ሰጠ? ከውጤቱ የሚጠቀም ድርጅት ውስጥ ሥራ፣ አክሲዮን፣ የማማከር ክፍያ አላችሁ? ካላችሁ ጻፉት። መጻፉ ጽሑፉን አይጥለውም። መደበቁ ነው የሚጥለው።

አንዳንድ ጆርናል ገምጋሚ ጠቁሙ ይላል። የቅርብ ወዳጅ፣ የቀድሞ አማካሪ፣ በቅርብ ዓመታት አብራችሁ የጻፋችሁት ሰው አይሆንም። ኢሜይሉም የተቋም ይሁን። በ2012 የአንድ የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪ ጉድ የወጣው፣ የጠቆማቸው ሰዎች ግምገማ በ24 ሰዓት ውስጥ እየተመለሰ ስላስጠረጠረው ነው። አድራሻዎቹ ወደ ራሱ ነበር የሚመጡት። ገምጋሚ በ24 ሰዓት! ስድስት ወር ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ነው የሚገባው።

ጆርናሉ ሁለቱም ወገን የማይተዋወቅበት ግምገማ የሚያደርግ ከሆነ ስማችሁን ከርዕሱ ሥር ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የፋይሉ ባሕሪያት ውስጥ ስም ይቀራል። «ባለፈው ዓመት ባወጣነው ጥናት እንዳሳየነው» የሚለውም ያጋልጣል። ምስጋናውን፣ የድጋፍ ቁጥሩን፣ የተቋሙን ስም ለጊዜው አውጡ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ሦስት ወር ካለፈ ለአርታኢው አጭር ጨዋ ደብዳቤ መላክ ነውር የለውም። በየሳምንቱ መላክ ግን አለው።

ገምጋሚው ሲመልስ

አልበርት አይንስታይን እንኳ በዚህ ተናዶ ያውቃል። በ1936 ከናታን ሮዘን ጋር ስለ ስበት ሞገድ የጻፉትን ለፊዚካል ሪቪው ላኩ፤ አርታኢው ለገምጋሚ አሳየው፣ ገምጋሚውም ስህተት አለበት አለ። አይንስታይን ሳይታተም ለሌላ ባለሙያ እንድታሳዩት አልፈቀድንም ብሎ ጽሑፉን አወጣና ወደ ሌላ ጆርናል ወሰደው። የሚገርመው፣ ሲታተም መደምደሚያው ተቀይሮ ነበር። ገምጋሚው ልክ ነበር። (የያኔው ንዴት ዛሬ እንግዳ የሚመስለን ግምገማ የጥንት ሥርዓት ስለሚመስለን ነው፤ ኔቸር የተባለው ስመ ጥር ጆርናል ራሱ ለሁሉም ጽሑፍ የውጭ ግምገማን ግዴታ ያደረገው በ1973 ነው።)

ስለዚህ አስተያየቱን አንብቡና ዝጉት። ሁለት ቀን። ንዴታችሁ ሲበርድ እያንዳንዱን ነጥብ ወደ አዲስ ፋይል ገልብጡና ከሥሩ መልስ ጻፉ። አንድም አትዝለሉ፤ የዘለላችሁትን ነው መጀመሪያ የሚያየው። እንዲህ፦

ገምጋሚ፦ «የናሙናው መጠን እንዴት እንደተወሰነ አልተገለጸም።»
መልስ፦ «ትክክል ነው፣ ዘለነዋል። አሁን ስሌቱን ገጽ 6፣ መስመር 112 ላይ ጨምረናል።» ከዚያም የጨመራችሁትን ዓረፍተ ነገር እዚያው ለጥፉ።

የማትስማሙበት ካለ አለመስማማት መብታችሁ ነው። «ገምጋሚው አልገባውም» አትበሉ፤ እሱ ካልገባው ሌላም አንባቢ አይገባውም፣ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን አስተካክላችሁ ማስረጃችሁን አቅርቡ። ሁለት ገምጋሚዎች ከተቃረኑ (አንዱ አሳጥሩ፣ ሌላው አስረዝሙ ሲል) የመረጣችሁትን ከነምክንያቱ ለአርታኢው ጻፉ። ያላስተካከላችሁትን አስተካክለናል ማለት ግን ውሸት ነው፤ ደግሞም በቀላሉ ይታያል።

ገምጋሚው አምስት የራሱን ጽሑፎች ጥቀሱልኝ ካለስ? አንብቧቸው። የሚጠቅመውን ጥቀሱ፣ የማይመለከተውን ተዉ፣ ለአርታኢውም በግል አሳውቁ። ፈርታችሁ አምስቱንም አትዘርዝሩ።

ውድቅ ከተደረገባችሁ ሳታስተካክሉ ወደ ቀጣዩ ጆርናል አትወርውሩት። በእኔ ላይ ደርሷል፤ ሁለተኛው ጆርናል ለዚያው ገምጋሚ ላከው። የጻፈልኝ አንድ መስመር ነበር፦ «ይህን ባለፈውም ተናግሬያለሁ።»

ተራው የእናንተ ሲሆን

አንድ ቀን ገምግሙ የሚል ጥያቄ ይመጣላችኋል። ከጸሐፊው ጋር ዝምድና፣ ጸብ ወይም ውድድር ካላችሁ፣ ወይም ጊዜ ከሌላችሁ፣ በዚያው ቀን አልችልም በሉ። ፈጥኖ እንቢ ማለት ወር ይዞ ከመቆየት ይሻላል። ጽሑፉ የሌላ ሰው ምሥጢር ነው፤ ለተማሪያችሁ አርታኢውን ሳታስፈቅዱ አትስጡ፣ ቻትቦት ላይም አትለጥፉት፣ ከሐሳቡም አትውሰዱ።

ስትጽፉ ሥራውን ተቹ፣ ሰውየውን ተዉት። «ደካማ ጽሑፍ» ማንንም አይረዳም። «ሠንጠረዥ 3 ላይ ያለው ድምር ከጽሑፉ ጋር አይገጥምም» ይረዳል። ማጭበርበር ከጠረጠራችሁ ጸሐፊውን አትወንጅሉ፤ ያያችሁትን ለአርታኢው ብቻ በተለየው ሳጥን ጻፉ። ከ1997 ጀምሮ የሚሠራው ኮፕ የተባለው የሕትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ አርታኢዎች እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ ደረጃ በደረጃ የሚያጣሩበት መመሪያ አዘጋጅቷል። ማጣራቱ የእነሱ ሥራ ነው።

ከታተመ በኋላ ስህተት ካገኛችሁ

በ2023 በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ ጽሑፎች ተሰርዘዋል፤ አብዛኞቹ ሂንዳዊ ከሚባል አንድ አሳታሚ ጆርናሎች የወጡ ነበሩ። ይህን የሰማ ሰው ስረዛ ሁሉ ሌብነት ይመስለዋል። አይደለም። ፍራንሲስ አርኖልድ በ2018 በኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለመች በኋላ በ2019 ሳይንስ በተባለው ጆርናል ላይ ያወጣችውን ጽሑፍ በ2020 መጀመሪያ ራሷ በትዊተር አሳውቃ ሰረዘችው። ሥራው ሲደገም ተመሳሳይ ውጤት አልሰጠም፤ የሙከራ መዝገቡ ሲታይም የአንዳንድ ሙከራዎች ማስታወሻና ጥሬ ዳታ ጎድሎ ተገኘ። ጽሑፉ ሲላክ ሥራ በዝቶብኝ የድርሻዬን በአግባቡ አልሠራሁም ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ብዙ ሰው ያከበራት በዚህ ነው።

በእናንተ ላይ ከደረሰ መጀመሪያ ለሁሉም ጸሐፊዎች አሳውቁ። ቀጥሎ ለአርታኢው አጭር ኢሜይል፦ የጽሑፉ ርዕስና ዲኦአይ የሚባለው መለያ ቁጥሩ፣ ስህተቱ የት እንደሆነ፣ እንዴት እንደተገኘ፣ ሲስተካከል መደምደሚያው ይቀየር አይቀየር። ካልተቀየረ ማረሚያ ይወጣል። ከተቀየረ ስረዛውን ራሳችሁ ጠይቁ። የተስተካከለውን ስሌትና ያንን ያልነካችሁትን ጥሬ ፋይል አያይዙበት።